ንባብ ዳገት ሲሆን

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ፤ ከዚያም የሰዋስውን ማብራሪያ ተከታተሉ።

ምንባብ

በማስተምርበት ዘመን በ9ኛ ክፍል አንድ ተማሪ ነበረኝ። በቃል ሲጠየቅ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ይመልሳል፤ ተረት ሲተርት ክፍሉ ጸጥ ይላል። መጽሐፍ ገልጦ እንዲያነብ በታዘዘ ጊዜ ግን ላብ ያጠምቀዋል። «መከረ» የሚለውን «ከመረ» ይላል፤ መስመር ይዘላል፤ ወይም ያነበበውን መስመር መልሶ ያነባል። የቃል ጽሕፈት በሰጠሁ ቁጥር ደብተሩን በቀይ ቀለም እሞላው ነበር። አንድ ቀንም «ይህ ስንፍና ነው» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። ከዚያ ወዲህ የንባብ ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ከትምህርት ቤት ይቀር ጀመር። ስንፍናስ የእኔ ነበረ፤ ለምን እንደሚሳሳት አልጠየቅሁም።

ይህ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የቃል ችግር» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ሐኪም የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ በሕክምና መጽሔት ጽፎ አወጣ። ልጁ 749ን በ867 ፈጥኖ፣ ያለ ስሕተት ያባዛል፤ የራሱን ስም ሲጽፍ ግን ፊደሎቹን ያዘዋውራል። መምህሩም ትምህርት ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚስተካከለው እንደማይገኝ መስክሮለታል። ችግሩ የዐይን ሕመም ወይም የአእምሮ ድክመት አይደለም፤ አንጎል የንግግርን ድምፆች ለይቶ ከፊደላቸው ጋር በሚያገናኝበት አሠራር ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። ብዙ ጊዜም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። መድኃኒት የለውም፤ በትዕግሥትና በዘዴ ግን ይቀልላል።

33ቱ ፊደሎቻችን በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የምትለየው በራሳቸው ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩትም በእግራቸው ቅጥያ ብቻ ነው። የጥንት የፊደል መምህራን ሕፃኑ እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየጠቆመ እንዲያነብ ያደርጉ ነበር። እጅና ዐይን አብረው ሲሄዱ መስመር አይጠፋም፤ ዛሬም ለእንዲህ ያለ ተማሪ የሚመከረው ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ስንጥሩን የናቅነው እኛ «ዘመናዊ» የምንባለው መምህራን ነን።

ያ ተማሪ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የመኪና መጠገኛ ጋራዥ አለው። በቅርቡ ስንገናኝ ስላለፈው ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይተዉት፣ መምህር» አለኝና ከኪሱ አንድ ቁራጭ ካርቶን አውጥቶ አሳየኝ። መካከሉ በአንድ መስመር ልክ ተቆርጦ ወጥቷል። ደረሰኝ ወይም ውል ሲያነብ በገጹ ላይ ያሳርፈዋል፤ የምትታየው አንዲቷ መስመር ብቻ ትሆናለች። ደንበኛ ስለ መኪናው የሚነግረውን በስልኩ ይቀዳል፤ መልእክትም ከመጻፍ ይልቅ በድምፅ ይልካል። ረጅም ጽሑፍ ሲያጋጥመው ስልኩ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ያደርግና እርሱ በዐይኑ ይከተላል። የብሎን ሣጥኖቹን በጽሑፍ ሳይሆን በቀለም ለይቷቸዋል።

«ወረዳ ሄጄ ‹ቅጽ ሙላ› ስባል ግን ዛሬም ልቤ ይመታል» አለኝ። «ስለዚህ ቅጹን ቤት ወስጄ ከባለቤቴ ጋር እሞላዋለሁ።» ታናሿ ልጁንም ንባብ እያስቸገራት ነው። መምህሯ ግን በክፍል ፈተና ጊዜ ይጨምሩላታል፤ ጥያቄውንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላታል። ከትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም።

የሰዋስው ማብራሪያ፤ መጥበቅና መላላት

የአማርኛ ቃል በአብዛኛው እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ የፊደል መጥበቅና መላላት ግን በጽሕፈት አይታይም። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ «ገና አልደረሰም» ለማለት ያገለግላል፤ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። «ይመታል» የሚለውም «መ» ሲላላ ድርጊቱን ለሚፈጽመው፣ ሲጠብቅ ድርጊቱ ለሚፈጸምበት ይሆናል። አንባቢ ይህን የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። በፊደሎቹ ላይ የሚደክም ሰው ግን ሐሳቡ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በገዛ ደብተሩ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ አንዲት ነጥብ ቢያኖር ይረዳዋል።

ረጅም ግስም እንዲሁ በየክፍሉ ቢነጠል አያስፈራም። «እንዳልመለሰችላቸው» የሚለው ሲነጠል «እንደ–አል–መለሰ–ች–ላቸው» ይሆናል።

መልመጃ

1. «አለ»፣ «ዋና» እና «ይመታል» የሚሉትን ቃላት አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አላልታችሁ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ።

2. «ስላላነበበችልን» እና «እንዳልጻፈልኝ» የሚሉትን በየክፍላቸው ነጥሉ።

3. የምንባቡ ባለታሪክ በተገሠጸበት ቀን ምንም አልተናገረም። ያን ዕለት ሊለው የፈለገውን ለመምህሩ በስልክ ድምፅ ቀድቶ ይልካል እንበል። መልእክቱን በሁለት አንቀጽ ጻፉለት። የሚደመጥ እንጂ የሚነበብ አይደለምና ዐረፍተ ነገሮቻችሁን አሳጥሩ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ሳታሳዩ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ ያልገባው ቦታ ካለ ያን ዐረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት።