የዐሥር ደቂቃ ነገር፤ ስለ አየር መንገድ የንግድ ስልትና የመሥሪያ ቤት ልማድ

ስለ ንግድ ስንጽፍ «እናንተ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ናችሁ፤ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይታጣም። እኛ ግን ንግድ የሒሳብ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የሰዎች ጠባይና ልማድ ጭምር መሆኑን ስለምናምን፥ ለዛሬው ጥናታችን አንድ አየር መንገድ መርጠናል። ይኸውም በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት የተመሠረተው ሳውዝዌስት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። የንግድ ስልት ስንል አንድ ኩባንያ ምን እንደሚሠራ፥ በተለይም ምን እንደማይሠራ የቈረጠውን ውሳኔ ማለታችን ነው። የመሥሪያ ቤት ልማድ ስንል ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከብርና ምን እንደ ነውር እንደሚቈጠር ማለታችን ነው። የመጀመሪያው በወረቀት ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሰዎቹ አሠራር ላይ ካልታየ በቀር አይታወቅም።

በ1967 ሮሊን ኪንግ የተባለ ነጋዴና ኸርብ ኬለኸር የተባለ ጠበቃ፥ ዳላስን፥ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን በርካሽ ዋጋ የሚያገናኝ ኩባንያ አቋቋሙ። ሦስቱም ከተሞች በአንድ ግዛት ውስጥ ስለሚገኙ፥ ኩባንያው በዚያን ዘመን የበረራ ዋጋን ይወስን ከነበረው የፌዴራል መንግሥት ቦርድ ሥልጣን ውጭ ነበር። ነባሮቹ አየር መንገዶች ይህን ባዩ ጊዜ በፍርድ ቤት ተከራከሩት፤ ክርክሩም ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀ። ሳውዝዌስት ክርክሩን ረትቶ በ1971 በሦስት ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ሥራውን ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ገንዘብ አጠረው። በመካከሉ የገዛውን አራተኛ አውሮፕላን ለመሸጥ ተገደደ፤ ሆኖም በአራት አውሮፕላን ያወጣውን የበረራ ፕሮግራም መቀነስ አልፈለገም። ታዲያ የአራቱን ሥራ በሦስት ለመሥራት አንድ መንገድ ብቻ ነበረ፤ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ወደ ዐሥር ደቂቃ ማውረድ። የቆመ አውሮፕላን ገቢ የለውም፤ ወጪው ግን አይቆምም።

በዐሥር ደቂቃ መንገደኛ አውርዶ፥ ሻንጣ አራግፎና ጭኖ፥ ሌላ መንገደኛ አሳፍሮ መነሣት እንዴት ይቻላል? አንደኛው መልስ የስልት ነው። ሳውዝዌስት የምግብ መስተንግዶ አልነበረውም፤ ወንበር በቁጥር አያድልም ነበር፤ መንገደኛው ባገኘበት ይቀመጥ ነበር። ሻንጣን ወደ ሌላ አየር መንገድ አያስተላልፍም ነበር። የሚሠራበትም አውሮፕላን አንድ ዓይነት ስለ ነበር፥ ማንኛውም አብራሪ ማንኛውንም ሊያበር፥ ማንኛውም መካኒክ ማንኛውንም ሊጠግን ይችላል። ሁለተኛው መልስ የልማድ ነው። የበረራ አስተናጋጆች በወንበሮቹ መካከል የተጣለውን ጋዜጣና ቆሻሻ ራሳቸው ይለቅማሉ፤ ካስፈለገም አብራሪው ያግዛል። በዚያ ቤት «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት ነውር ሆነ። እንግዲህ ስልቱ ያለ ልማዱ ባዶ ወረቀት፥ ልማዱም ያለ ስልቱ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ኩባንያው በ1973 የመጀመሪያውን ትርፍ አገኘ፤ ከዚያም እስከ 2019 ድረስ ለ47 ዓመታት አንድም ዓመት አልከሰረም።

ነገር ግን ሠራተኛው ጐንበስ ያለው በመልካም ቃል ብቻ ተደልሎ እንዳይመስለን። የኩባንያው ሠራተኞች አብዛኛዎቹ በሠራተኞች ማኅበር የተደራጁ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከትርፉ ድርሻ ያገኙ ነበር። ከሴፕቴምበር 2001 አደጋ በኋላ ሌሎች ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ሲያሰናብቱ፥ ሳውዝዌስት ማንንም አላሰናበተም። እንግዲህ ዐሥሩ ደቂቃ ውለታ ነበር፤ ውለታም በሁለት ወገን ካልተጠበቀ አይጸናም።

ይህን ያልተረዱ ተፎካካሪዎች ተቸግረዋል። ኮንቲኔንታል የተባለው አየር መንገድ በ1993 ምግብ ቀንሶና ዋጋ አርክሶ ሳውዝዌስትን ለመምሰል ሞከረ። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ ዓይነት አውሮፕላኖቹን እንደ ያዘ ነበር፤ ሠራተኞቹም በዐሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የኩባንያቸውን መክሰር ያዩ ነበሩ። ሙከራው በ1995 ቀረ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ይህ ነው።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሄደበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ፥ በ1946 ወደ ካይሮ በረረ። ልዩ ልዩ ዓይነት አውሮፕላኖችን ይዞ፥ መንገደኛውን አዲስ አበባ ላይ እያገናኘ፥ ዕቃም እየጫነ ይሠራል። አብራሪና መካኒክ የሚያሠለጥነው በራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1971ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት መንገደኛ ሲጠፋ ከአንዳንድ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነ። ስለዚህ ትምህርቱ «ሳውዝዌስትን ምሰሉ» አይደለም፤ ስልቱ ለአገሩና ለሰዉ የተስማማ ይሁን ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሌላ ገጽ እንመለስ። በዲሴምበር 2022 ታላቅ የበረዶ ማዕበል አሜሪካን መታ። ሌሎቹ አየር መንገዶች በጥቂት ቀናት ሲያገግሙ፥ ሳውዝዌስት ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ በረራዎችን ሰረዘ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችም ተጉላሉ። ምክንያቱም አብራሪዎችንና አስተናጋጆችን እንደ ገና የሚመድበው ዘዴ የለውጡን ብዛት መከተል አቅቶት፥ ኩባንያው የገዛ ሠራተኞቹ የት እንዳሉ ጠፋው። እነርሱም ምድባቸውን ለማወቅ በስልክ ላይ ለሰዓታት ጠበቁ። የአብራሪዎቹ ማኅበር መሣሪያው እንዳረጀ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። በ2023 መንግሥት በኩባንያው ላይ 140 ሚሊዮን ዶላር ወሰነበት።

ከዚህ እኛ የምንማረው ከባድ ነገር አለ። ሠራተኛው የጐደለውን ሁሉ በትጋቱ ሲሞላ፥ ትጋቱ የመሣሪያውን ማርጀት ይሸፍነዋል። አለቃም ሥራው ሲሄድ እያየ ጉድለቱን ሳያይ ይኖራል። የወደቀን ጋዜጣ በበጎ ፈቃድ ማንሣት ይቻላል፤ የጠፋን መረጃ ግን በበጎ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም።

በ2025 ሳውዝዌስት 1,750 የቢሮ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ በታሪኩ እንዲህ ያለ የጅምላ ስንብት የመጀመሪያው ነበር። ወንበርንም በቁጥር ለማደል አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ስልት ከዘመን ጋር ቢለወጥ አያስደንቅም። ነገር ግን ውለታው በአንድ ወገን ከላላ በኋላ ሠራተኛው እንደ ቀድሞው ጐንበስ ይላልን?

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ተመርቀን ወደ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች እንበተናለን። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ በዚህ ቤት ነውሩ ምንድን ነው? ጐንበስ ለሚለውስ ቤቱ ምን ይመልስለታል? አለቃችን ትጋታችንን ሲያመሰግን ምስጋናውን በአክብሮት እንቀበል፤ በዚያው ቀን ግን የሥራ መሣሪያውንም እንጠይቀው። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው ጓደኛ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።