«ዳታቤዙን በፈለጉ ጊዜ ይቀይሩታል» ሲሉዎ፦ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለመሥሪያ ቤትዎ ሶፍትዌር ሊያሠሩ ነው። ሻጩ «ሲስተማችን ከየትኛውም ዳታቤዝ ጋር ይሠራል፤ ዛሬ ኦራክል፣ ነገ ፖስትግሬስ» ይልዎታል። ይህን የሚያስችለው በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል የሚቆመው የኮድ ክፍል ነው፤ ገንቢዎች ዳታ አክሰስ ሌየር ይሉታል። በወጉ ከተሠራ የዳታቤዙን ጠባይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ኮድ ስለ ዳታቤዙ ምንም ማወቅ አይኖርበትም። በወጉ ካልተሠራ ፕሮግራሙና ዳታቤዙ ይጣበቃሉ፤ የማላቀቂያውን ወጪ የሚከፍሉትም እርስዎ ነዎት።

• ኤስኪውኤል (ዳታቤዙ የሚታዘዝበት ቋንቋ) የተጻፈው የት የት ነው? «ሌየር አለን» የሚለው መልስ አይብቃዎ። ኮዱን ከፊትዎ ከፍተው «ሴሌክት» እና «አፕዴት» የሚሉትን ትእዛዞች እንዲፈልጉ ያድርጉ። ከሌየሩ ውጭ ከተገኙ ሲስተሙ ከዳታቤዙ ጋር ታስሯል። በተለይ የሪፖርት ክፍሉን ይመልከቱ፤ በችኮላ የተጻፈ ኤስኪውኤል የሚደበቀው እዚያ ነው። ስቶርድ ፕሮሲጀርና ትሪገር (በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጡ ፕሮግራሞች) ስንት አለ? በኦራክል ፒኤል ኤስኪውኤል የተጻፈ ስሌት ወደ ሌላ ዳታቤዝ ሲዛወር በአብዛኛው እንደገና መጻፍ አለበት። ይህ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አይሰፍርም።

• የጠባይ ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ኤስኪውኤል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ዳታቤዞቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።
ኦራክል ባዶ ጽሑፍን «ነል» (ያልተሞላ) ብሎ ይቆጥረዋል፤ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ሁለቱን ይለያሉ። «ዴት» የተባለ አምድ በኦራክል ሰዓትም ይይዛል፣ በፖስትግሬስ ቀን ብቻ። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ የአንድን ሂሳብ ቀሪ ሁለት ጊዜ ቢያነቡ፣ መነሻ ቅንብሩ ካልተነካ ማይኤስኪውኤል የመጀመሪያውን ቁጥር ይደግምልዎታል፤ ኦራክልና ፖስትግሬስ በመሃል ሌላ ሰው ያጸደቀውን አዲስ ቁጥር ያሳዩዎታል። የስህተት መልእክት አይመጣም። ሲስተሙ ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን ይለያል።
«ይህን የሚፈትን ቴስት አሳዩኝ» ይበሉ። ቴስቱ የሚሮጠው በኤስኪውላይት ብቻ ከሆነ፣ ነገ ሥራ ላይ ስለሚውለው ዳታቤዝ የሚነግርዎ ጥቂት ነው።

• አማርኛ ይችላል? በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በኦራክል 50 ተብሎ የተሠራ የቫርቻር አምድ ቅንብሩ ካልተቀየረ የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ስለዚህ የሚይዘው 16 ፊደል ብቻ ነው። ረጅም ስም ከነአባትና ከነአያት አይገባበትም። በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ አምዱ ኤንቫርቻር ካልሆነ ወይም ዩቲኤፍ 8 ካልተመረጠለት ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ መመለሻ የለውም። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ደንበኛ «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ ያገኛታል? የፊደል ማመሳሰሉ በየገጹ ሳይበተን በሌየሩ ውስጥ አንድ ቦታ ይሠራ።
ቀንም ያስፈትኑ። ጥቅምት 30ን እና ጳጉሜን 3ን ከፊትዎ ያስመዝግቡ። የዳታቤዙ የቀን አምድ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፤ 13ኛ ወርም ሆነ የሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን አይቀበልም። በጎርጎርዮሳዊ ይቀመጥ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ኮድ አንድ ብቻ ይሁን።

• «ኦአርኤም ስለተጠቀምን አያሳስብም» ካሉ። ኦአርኤም ኤስኪውኤሉን በገንቢው ፋንታ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ሃይበርኔትም ሆነ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ጥሩ ነው፤ ወደ ዳታቤዙ የሚላከውን ኩዌሪ ግን ከዓይን ይሰውራል። 100 የግዢ ትእዛዝ የሚያሳይ ገጽ አንድ ኩዌሪ ካወጣ በኋላ ለየትእዛዙ ደንበኛ ሌላ 100 ሊጨምር ይችላል። በጥቂት የሙከራ ዳታ አይታወቅም፤ ሥራ ሲበዛ ግን ሲስተሙ ይንፏቀቃል፣ ሻጩም «ትልቅ ሰርቨር ግዙ» ይላል። የኩዌሪ ሎጉን አስከፍተው ይቁጠሩ።

• ስንት ኮኔክሽን ይከፍታል? ፖስትግሬስ ካልተቀየረ የሚፈቅደው 100 ነው። እያንዳንዳቸው 30 የሚይዙ 4 የአፕሊኬሽን ሰርቨሮች 120 ይጠይቃሉ፤ ከሚፈቀደው በላይ ነው።

• ሻጩ የትኞቹን ተጨማሪ አማራጮች ይነካል? በኦራክል ኢንተርፕራይዝ እትም ፓርቲሽኒንግን የመሰሉ አማራጮች ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል። የላይሰንስ ቁልፍ ስለማይጠየቅ ግን ገንቢው ሳያስበው ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ዳታቤዙም አጠቃቀሙን ይመዘግባል። ኦዲት ሲመጣ ሂሳቡ ለእርስዎ ነው። የሚጠቀሙባቸውን ዝርዝር በጽሑፍ ያስፈርሙ።

• ለመሆኑ መቀየር ይፈልጋሉ? በ10 ዓመት ውስጥ ዳታቤዝ የመቀየር ሐሳብ ከሌለዎ «ለሁሉም ዳታቤዝ» ለሚባለው ተጨማሪ አይክፈሉ። ለሁሉም እንዲስማማ የተጻፈ ኮድ የመረጡትን ዳታቤዝ ጥሩ ጥሩ ችሎታዎች ሳይነካ ይቀራል። ኤስኪውኤሉ አንድ ቦታ ይሰብሰብ፣ ቴስት ይኑረው፤ ለዚህ ይክፈሉ።

• መቀየር ከፈለጉ ግን ውሉ ላይ ይህን ያስገቡ፦ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ሲስተሙ የራስዎን ዳታ ይዞ በሁለተኛው ዳታቤዝ ላይ እንዲሠራ፣ የወር መዝጊያ ሪፖርቱም በሁለቱም ወጥቶ ቁጥር ለቁጥር እንዲመሳከር።