ርስት፣ ጉልት፣ አሥራት፣ ቀላድ፦ የጎጃምን ታሪክ ለሚያነብ ተማሪ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የአሜሪካን ታሪክ በተማርንበት ጊዜ፣ የቴምብር ሕግ የወጣበትን 1765ን፣ ሻዩ በቦስተን ወደብ ወደ ባሕር የተጣለበትን 1773ን (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቃሉ ያልያዘ ከመካከላችን አልነበረም። ነገር ግን አንድ ማታ በጥናት ላይ ሳለን ከቡሬ የመጣ ጓደኛችን «ርስትና ጉልት ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስምንት ሆነን ተቀምጠን ለመመለስ የደፈረ አልተገኘም። አንዱ ብቻ «ሁለቱም የባላባት መሬት ናቸው» አለ። ይህ መልስ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በዚህ አሳብ የተነሣ ሰው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ለምን ጠመንጃውን እንዳነሣ ከቶ ሊገባው አይችልም።

ስለዚህ ከቃላቱ እንጀምር።

ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ የመሬት መብት ነው። በዳሞት በኩል ይህን የመጀመሪያ ባለመሬት «ዋና አባት» ይሉታል። ከእርሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም ይምጣ በእናቱ፣ ድርሻዬን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሴት ልጅም ትወርሳለች፤ ለልጆቿም ታወርሳለች። በዚህ ምክንያት አንድ ገበሬ በአያቱ እናት በኩል ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ በአባቱ አያት በኩል ደግሞ ደጋ ዳሞት ላይ ርስት ሊቆጥር ይችል ነበር። መቁጠር ግን መያዝ አይደለም። የዘር ሐረጉን እስከ ዋናው አባት ድረስ ሳይሰናከል መጥራት፣ የወገኑን ወኪል (ፈጁን) ማሳመን፣ ካልሆነም ለዓመታት በዳኛ ፊት መሟገት ነበረበት። የጎጃም ሰው ሙግት ይወዳል እያሉ የሚቀልዱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ቀልዱን የሚተዉት ይመስለኛል፤ ሙግቱ የእንጀራ ጉዳይ ነበርና።

ርስት አይሸጥም፤ የወገን ነውና። ሆኖም ርስትን እንደ ገነት አድርገን አንሣለው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ እስላሙም ብዙውን ጊዜ ከርስት ውጭ ነበሩ፤ ሌላው የሚያርሰውን መሬት በእርቦ ወይም በእኩል ካላገኙ በቀር የሚያርሱት አልነበራቸውም።

ጉልት ሌላ ነገር ነው። ጉልተኛው መሬቱን አያርስም፤ የመሬቱም ባለቤት አይደለም። መብቱ በዚያ መሬት ላይ ከተቀመጡት ርስተኞች ግብር መቀበልና እነርሱን መዳኘት ነው። ጉልት ለመኳንንት ወይም ለደብር ይሰጥ ነበር፤ ንጉሥ የሰጠውንም ንጉሥ ይነሣው ነበር። እንግዲህ በአንድ እርሻ ላይ ሁለት መብት ተደርቦ ይገኛል ማለት ነው፦ የገበሬው ርስት፣ የጌታው ጉልት። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በዐዋጅ ቀረ።

አሥራት ስሙ እንደሚናገረው ከምርት ዐሥረኛው እጅ ነው። ዐፄ ምኒልክ በክፉ ቀን ዘመን ገደማ፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ ከሚዘርፍ ከጎተራ ይቀለብ ብለው የደነገጉት ነው።

የቀረው ቀላድ ነው። ቀላድ ገመድ ነው፤ መሬት መለኪያ። ነገር ግን ከአባይ ወዲህ ማዶ ያለው ገበሬ ይህን ቃል ሲሰማ የሚያስበው ገመዱን አልነበረም። በደቡቡ አገር መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው) ከተከፋፈለ በኋላ ስንቱ ባለአገር ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ወሬው ደርሶታል። የወገን የሆነ መሬት ከተለካ የግለሰብ ይሆናል፤ የግለሰብ ከሆነ ይሸጣል፤ ከተሸጠም ገዢው ከሩቅ የመጣ ሹም ይሆናል ብሎ ይፈራ ነበር።

አሁን ወደ ዘመኖቹ እንለፍ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ። ኢጣልያኖች ቡሬን የካቲት 25 ለቀው በደምበጫ መንገድ ሸሹ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጎጃም አርበኛ በዚህ ጊዜ የያዘው አሳብ ለሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው፦ አገሬን በገዛ ጠመንጃዬ ጠብቄአለሁ፤ እንግዲህ እንደ ተገዛ አገር ልለካ አይገባኝም የሚል ነበር። አዲሱ የመሬት ግብር ወዲያው ሲታወጅ ጎጃም እምቢ አለ፤ መንግሥትም የቆየውን ጥቅል ግብር እንዲከፍል ተወው። በ1942 እና በ1943 ነገሩ እንደገና ተነሣ፤ ዳሞትና ሞጣም ሸፈቱ። (የውጭ መጻሕፍት የምታነቡ ጓደኞቼ ተጠንቀቁ! የእነርሱ 1942 የእኛ 1934/35 ነው፤ የእኛ 1942 ደግሞ የእነርሱ 1949/50 ነው። በሁለቱም ጊዜ ጎጃም ውስጥ የግብር ብጥብጥ ስለ ነበረ እኔ ራሴ አንድ ወር ሙሉ ሁለቱን አንድ አድርጌ ሳነብ ከርሜአለሁ።)

ኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራቱን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ዐዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሕጉ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል ያዛል። መሬት ይለካ አይልም፤ ገማቾች ወጥተው ምርቱን ይገምቱ ይላል። ገበሬው ግን በገማቹ ጀርባ ቀላዱን አየ። ያ ዓመት ሳያልቅ ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና ገማቾቹን አናስገባም አሉ። ጦር ተላከ፤ በክረምቱም የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ሆኖም ገበሬው አልተበገረም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የቦስተንን ሻይ ያመጣሉ፦ ያለ ውክልና ግብር የለም የተባለውን። እኔ አልስማማም። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃም በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ እንደራሴዎች ነበሩት፤ ዐዋጁም በምክር ቤቱ በኩል ያለፈ ነው። እንደራሴዎቹ ማንን ይወክሉ ነበር ብትሉኝ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከአሜሪካ ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው የ1794 የውስኪ ዐመፅ ነው። የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች እንደራሴ ነበራቸው፤ ነገር ግን እህላቸውን ውስኪ አድርገው ካላወጡት ገበያ የማይደርስላቸው ሰዎች ነበሩና፣ ከሩቅ ከተማ የመጣው ግብር የኑሯቸውን ሥር ነካ። ቀራጮቹን አባረሩ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን 13,000 ያህል ጦር አዘመቱ። ዐመፁ በረደ፤ ግብሩም በ1802 ተሻረ። ልዩነቱ አይናቅም፦ በፔንሲልቫኒያ አውሮፕላን አልነበረም፤ ገበሬውም ጦሩ ሲደርስ ተበተነ እንጂ አልተዋጋም።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ። ከዐመፁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰልፈው ነበር። መፈክሩ ለደቡቡ ጭሰኛ የተገባ ነበር። የዳሞት ርስተኛ ግን አራሹም ባለመሬቱም ራሱ ነበር፤ የፈራውም መሬት ማጣትን እንጂ አለማግኘትን አልነበረም። እነዚያ ተማሪዎች በልባቸው ቅን ነበሩ፤ ሁሉንም አገር በአንድ ቃል ሊያነቡ መሞከራቸው ግን ቀላል ጉድለት አይመስለኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ርስትም በሕግ ያን ዕለት አበቃ። (ኢጣልያኖች ቡሬን የለቀቁበት ዕለት መሆኑ አጋጣሚ ነው።) በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መሬቱን እንደገና ሲያከፋፍል፣ በቀድሞው ሥርዓት «ቢሮክራት» የተባሉት ገበሬዎች 1 ሄክታር ብቻ ቀርቶላቸው ሌሎች እስከ 3 ሄክታር ያዙ። የዚያ ቂም ዛሬም በገጠሩ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር።

ያ የቡሬው ጓደኛችን ጥያቄውን ያመጣው ከመጽሐፍ አልነበረም። አያቱ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳይተውት ኖሯል። በላዩ የተጻፈው «ይዞታ» የሚል ነው፤ እርሳቸው ግን መሬቱን ሲጠሩት «ርስቴ» ይላሉ። «ሕጉ እንደዚያ አይልም፣ አባባ» ቢላቸው፣ የሰባት ትውልድ ስም ቆጥረውለት ሲያበቁ ደብተሩን አጥፈው መልሰው ቆለፉበት።