የእንጨት ሥራ፦ ከጓደኛና ከባለሙያ ጋር የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሙያ

እንደሚታወቀው ሁሉ መምህር ቀኑን በንግግርና በጽሑፍ ያሳልፋል። ጧት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ዝግጅት፣ ማታ ደግሞ የደብተር እርማት አለበት። አፍና ዓይን ሲደክሙ ይውላሉ፤ እጅ ግን ጠመኔና እስክሪብቶ ከመያዝ በስተቀር ሥራ ፈት ሆኖ ይሰነብታል። ታዲያ በትርፍ ጊዜያችን ምን ብንሠራ ይሻላል? በዚህ ጽሑፍ ከብዙዎቹ አንዱን፣ ይኸውም የእንጨት ሥራን እንመለከታለን። በተለይም ከጓደኞችና ከሙያው ባለቤቶች ጋር ሆነን ስንሠራው የሚሰጠንን ደስታና ለትምህርት ሥራችን የሚያበረክተውን ጥቅም በየተራ እናያለን።

1. የትርፍ ጊዜ ሙያ ሲባል

አናጢ እንጨት የሚሠራው ለኑሮው ነው። ደንበኛው አልጋውን ለቅዳሜ ይፈልገዋል፤ የጣውላ ዋጋ ይጨምራል፤ የቤት ኪራይም ይደርሳል። እኛን ግን ማንም አያጣድፈንም። አንድ በርጩማ ወር ቢፈጅብን የሚቆጣን ደንበኛ የለም። የትርፍ ጊዜ ሥራ የመጀመሪያው ጸጋ ይኼ ነው።

ይሁን እንጂ «ለጨዋታ ነው እኮ» ብሎ በዘፈቀደ መሥራት ደስታውን ያጠፋዋል። እግሩ የሚወዛወዝ በርጩማ ለሠሪው ቀርቶ ለእንግዳም ያሳፍራል። ስለዚህ ደስታው የሚገኘው ሥራው በደንብ ሲሠራ ነው። አንድ ልኬት በትክክል ሲያርፍ፣ ሁለት እንጨቶች ብርሃን ሳያስገቡ ሲገጥሙ፣ ያን ጊዜ የሚሰማው እርካታ በገንዘብ አይገኝም።

2. መምህራንና የእንጨት ሥራ በታሪክ

መምህራን ተሰብስበው እንጨት መሥራታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔየስ የተባሉት የትምህርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1863 በዩቫስኩላ ከተማ የአገሪቱን የመጀመሪያ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲያቋቁሙ የእጅ ሥራን ከትምህርቱ ጋር አያይዘውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 በወጣው ደንብም የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ተደረገ። ከእርሳቸው ልምድ የቀሰሙት ስዊድናዊው ኦቶ ሳሎሞን ደግሞ ኔስ በሚባል ቦታ መምህራንን ያሠለጥኑ ነበር። «ስሎይድ» በተባለው በዚህ ዘዴ ለመሠልጠን ከብዙ አገሮች መምህራን ወደ ኔስ ይመጡ ነበር።

የሳሎሞን ዓላማ አናጢ ማፍራት አልነበረም። ተማሪው ትክክለኛነትን፣ ንጽሕናን፣ ትዕግሥትን፣ በራስ መተማመንንና የጉልበት ሥራን ማክበርን እንዲማር ነበር። የአሠራሩ ሥርዓት ለእኛም የተለመደ ነው፦ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከተጨባጩ ወደ ረቂቁ። ተማሪው በቢላ ይጀምራል፤ የሚሠራውም ዕቃ በቤት ውስጥ የሚያገለግል መሆን አለበት። በማስተማር ዘዴ ትምህርት በቃል የምናጠናውን ይህን መመሪያ እንጨት ላይ ስንሞክረው ነው በእጃችን የሚገባን።

3. ሙያተኛን ስለማክበር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአገራችን የእጅ ሙያ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ዕቃቸው እየተፈለገ ራሳቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ይህን ለማስቀረት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ቋንቋውን ለውጦ አሁንም በመካከላችን አለ።

«ካላጠናህ አናጢ ሆነህ ነው የምትቀረው!» የሚል መምህር ሰምተን አናውቅምን? መምህሩ ይህን ሲናገር ልጁን ለማትጋት ብሎ ነው። ግን ሦስተኛው ዴስክ ላይ አባቱ አናጢ የሆነ ልጅ ተቀምጧል። ደብተሩ የተገዛው፣ ዩኒፎርሙም የተሰፋው በአባቱ መጋዝ ነው። ልጁ በዚያች ደቂቃ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፦ ወይ አባቱን ይንቃል፣ ወይ መምህሩን። የትኛውንም ቢመርጥ የተጎዳው እርሱ ነው።

ከአናጢ ጎን ቆሞ አንድ ቀን መሮ የያዘ መምህር እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንድ ቀጥ ያለ ቁርጥ ለማውጣት ስንት ሐሳብ እንደሚጠይቅ በገዛ እጁ አይቶታልና። የእንጨት ሥራን ከሙያው ባለቤቶች ጋር እንሥራው የምንለውም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

4. ቡድን ማቋቋም

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ወንዶችም ሴቶችም ቢቀላቀሉ መልካም ነው፤ መላጊያ የሚፈልገው ቀጥ ያለ አያያዝና የተሳለ ብረት እንጂ የተለየ ጉልበት አይደለም። መሣሪያውን እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ልግዛ ቢል አይቻልም፤ በጋራ ግን ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ! ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያና አንድ የእንጨት መዶሻ፤
ለ) አንድ ቀጥ ያለና አንድ ጫፉ ጎበጥ ያለ መሮ፤
ሐ) ሜትር፣ ስኳድራ፣ ኮምፓስና እርሳስ፤
መ) መሳያ ድንጋይና የብርጭቆ ወረቀት፤
ሠ) እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ወይም ማሰሪያ።

ቀጥሎ የአካባቢውን አናጢ እንጋብዝ። ስንጋብዝ ግን በአክብሮት ይሁን፤ በዕድሜ ከበለጡን «ጋሼ» ብለን፣ የሥራ ቀናቸውን ሳንሻማ፣ ስለ ድካማቸውም ተገቢውን ከፍለን። «እርስዎ እንዴት ነው የሚይዙት?» ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ክብርን አይቀንስም። እሳቸው ከምናነበው መጽሐፍ የማናገኘውን ያሳዩናል፤ እኛም የሒሳብ አሠራር ወይም የደረሰኝ አጻጻፍ ቢፈልጉ እናግዛቸዋለን። እንዲህ ሲሆን ትምህርቱ ከሁለቱም ወገን ይሆናል።

ሦስት ሕጎች ቢኖሩን ጠብ አይነሣም። የሰው መሣሪያ ሳይጠይቁ አለማንሳት፤ ያደነዘዙትን ብረት ስሎ መመለስ፤ ሰጋቱራውንና ፍቅፋቂውን ጠርጎ መሄድ። በመጨረሻው ላይ ቡና ቢኖር ደግሞ ማን ይጠላል?

5. እንጨቱን ማወቅ

ዋንዛ ለመሥራት የሚመችና መልኩ የሚያምር እንጨት ነው። ዝግባና ጥድም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ለልምምድ ለዚሁ ተብለው የሚተከሉትን የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያን፣ ወይም ከፈረሰ ቤት የተገኘ ጣውላን ብንጠቀም ይመረጣል። አሮጌ ጣውላ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደርቆ ያበቃ ነው። ሚስማሩን በጉጠት መንቀል ግን አይረሳ። ባሕር ዛፍ በየቦታው ቢገኝም ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው።

እንጨት ለምን ይጣመማል? እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም፤ በጎኑ ግን ይኮማተራል። በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ደግሞ ከመሐል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። መጣመሙና መሰንጠቁ የሚመጣው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። በመሆኑም ጣውላ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ መድረቅ አለበት። በቆየው ግምት 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። መድረቁን ለማረጋገጥ በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

6. የመጀመሪያ ሥራ፦ ገበጣ

ገበጣ ሁላችንም የምናውቀው ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ብዙ ዓይነት አጨዋወቶችን መዝግበዋል። የረድፉና የጉድጓዱ ቁጥር እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ ሁለት ረድፍ ያለውንና በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ የሚይዘውን እንሥራ። ሲያልቅ ጨዋታም ይሆናል፤ ለመቁጠር፣ ለማካፈልና ለማባዛት ትምህርትም መርጃ መሣሪያ ይሆናል።

ሀ) ልኬት። የጣውላው ርዝመት 50፣ ስፋቱ 18፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋት 6፣ በጉድጓዶቹ መካከልና በዳር ያለው ክፍተት 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በርዝመቱ 6 ጉድጓድና 7 ክፍተት ስላለ 36 ሲደመር 14፣ 50 ይሆናል። በስፋቱ 2 ጉድጓድና 3 ክፍተት ስላለ 12 ሲደመር 6፣ 18 ይሆናል።

ለ) ምልክት። የጉድጓዶቹን ማዕከል በርዝመቱ ከአንዱ ጫፍ በ5፣ በ13፣ በ21፣ በ29፣ በ37 እና በ45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በስፋቱ ደግሞ በ5 እና በ13 ላይ እናድርግ። ከዚያ ኮምፓሱን 3 ሳንቲ ሜትር ከፍተን 12 ክብ እንሥራ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሐ) መፈልፈል። ጣውላውን በሞርሳ አጥብቀን እንሰር። በጎባጣው መሮ ከዳር ወደ መሐል፣ በመጀመሪያ የእንጨቱን ጭረት አቋርጠን በጥቂት በጥቂቱ እናንሳ። ከመሐል ወደ ዳር ወደ ላይ ከተገፋ ጭረቱ ይቦጨቃል። ጥልቀቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ እናቁም፤ ከሥር 2 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። በአንዲት ቀጭን እንጨት ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርገን ሁሉንም ጉድጓድ በእርሷ እንለካ።

መ) ማለስለስና መቀባት። በብርጭቆ ወረቀት በመጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ የጭረቱን አቅጣጫ ተከትለን እንፈግፍግ። አቧራውን ጠርገን በስሱ የተልባ ዘይት እንቀባው። ዘይቱ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቀናት መታገሥ ያስፈልጋል።

ስድስት ሰው ቢሆን ለእያንዳንዱ ሁለት ጉድጓድ ይደርሰዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊፈለፍል ስለማይችል ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ መሮ ይስላሉ፤ ሌሎቹ ይለካሉ፣ ያለሰልሳሉ። ጨዋታውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «ይኼ የጠበበው የማን ነው?» ሲባል መሳቅ አለ፤ ሆኖም ጉድጓዱ ከጎረቤቱ ካልመሳሰለ ገበጣው የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ያግዛል። ሲያልቅ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር አስገብተን እንጀምር።

7. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ የመሮው ስለት በሚሄድበት አቅጣጫ እጅ አይቀመጥም፤ ሁለቱም እጆች ከስለቱ በስተኋላ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ የደነዘ መሮ ከተሳለው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ በድንገት ያመልጣል። ሦስተኛ፣ የእንጨት አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳ በነፋሻ ቦታ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ይገባል። አራተኛ፣ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የእንጨት ሥራ ጊዜን በደስታ ያሳልፋል፤ ጓደኝነትን ያጠነክራል፤ መርጃ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት መርጃ መሣሪያ እንድንሠራ ያስችለናል። ከሁሉም በላይ እጅን ከአእምሮ፣ መምህሩንም ከባለሙያው ጋር ያስታርቃል። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ከተማሪዎቻችን መካከል የአናጢ፣ የሸማኔና የቀጥቃጭ ልጆች ይኖራሉ። ወላጆቻቸው የሚሠሩትን ሥራ እኛ ቀምሰነው ከሄድን፣ «አባትህ መጥተው መጋዝ አያያዝ ያሳዩን» ለማለት አንደበታችን አይከብድም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍል ውስጥ የእጅ ሙያን ዝቅ የሚያደርጉ ምን ምን አነጋገሮች ሰምታችኋል? በምን ይተኩ?
2. ገበጣን በሦስተኛ ክፍል የማካፈል ትምህርት እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ? አጭር የትምህርት ዕቅድ አዘጋጁ።
3. ሦስት ረድፍ ያለውና በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ የሚይዝ ገበጣ በተመሳሳይ ልኬት ቢሠራ የጣውላው ስፋት ስንት ይሆናል?
4. ሦስት እግር ያለው በርጩማ በሸካራ ወለል ላይ የማይወዛወዘው፣ አራት እግር ያለው ግን የሚወዛወዘው ለምንድን ነው?