ጳጉሜን የማያውቅ የመረጃ ቋት፦ የመጠይቅ ስክሪፕቶችን ከትእዛዝ መስመር በጅምላ ስለማስኬድ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር በዳባት ወረዳ የሚካሄደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገባል። ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ አዲ አርቃይ የከተመ ሰው ከክትትሉ እንደ ወጣ ይቆጠራል፤ ቢመለስ መግቢያው እንደገና ይጻፋል። እንዲህ ያለ መዝገብ በየዙሩ በአንድ ዓይነት መንገድ መመርመር ስላለበት መጠይቆችን አንድ በአንድ እየጻፉ ማስኬድ አያዋጣም። በአንድ ፋይል ተቀምጠው ከትእዛዝ መስመር በጅምላ ሲካሄዱ ግን ፋይሉ ራሱ የአሠራሩ ሰነድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ስሕተት ሲያጋጥም ፕሮግራሞቹ ጠባያቸው ይለያያል። ማይኤስኪውኤል በግድ እንዲቀጥል ካልታዘዘ በቀር በመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይቆማል። የፖስትግሬስኪውኤል ፕሮግራም በአንጻሩ ስሕተቱን አስታውቆ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል፤ እንዲቆም የሚያደርገውን ቅንብር አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል። ሌሊት ሰው በሌለበት ለሚሄድ ስክሪፕት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ የአዲሱ ዙር የሞት መረጃ ሳይጫን ቀርቶ የሞት ምጣኔው በአሮጌው መረጃ ሊሰላ ይችላልና።

መቆሙም ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ትእዛዝ በነባሪነት ወዲያው ስለሚጸና በመካከል የተቋረጠ ስክሪፕት ሲደገም ቀድሞ የገባው መዝገብ ሊደረብ ይችላል። መድኃኒቱ ሥራውን በአንድ ትራንዛክሽን ማሰር ነው። (በማይኤስኪውኤል በመካከል ቋሚ ሠንጠረዥ መፍጠር ትራንዛክሽኑን ሳይናገር ያጸናዋል፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።)

ከሁሉ የሚከፋው የቀን ጉዳይ ነው። እናት የልጇን ልደት የምትናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀኑ ሳይቀየር በቀን ዓምድ ቢገባ 13ኛ ወር ስለሌለ ጳጉሜን ውድቅ ይሆናል፤ ጥቅምት 30ም እንደ ፌብሩዋሪ 30 ተቆጥሮ ይወድቃል። ኅዳር 5 ግን ማርች 5 መስሎ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋል፤ አደገኛውም ይኸው ነው። ከ5.7 በፊት የነበሩት የማይኤስኪውኤል እትሞች በነባሪ ቅንብራቸው የማይሆነውን ቀን ወደ ዜሮ ለውጠው በማስጠንቀቂያ ብቻ ይቀበሉ ነበር። በጅምላ ሲሠራ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ካልታዘዘ አይታይም። በጳጉሜን 3 ተወልዶ መስከረም 10 የሞተ ሕፃን ዕድሜው ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ የልደት ቀኑ ከጠፋ ግን በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ከሞቱት ጋር አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከእውነታው ያነሰ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት እንደ ተነገሩ በሦስት የቁጥር ዓምዶች ይቀመጡ፤ ወደ ጎርጎርዮሳዊው የተለወጠው ቀን በአራተኛ ዓምድ ይሰላ። ስክሪፕቱም ከመጫኑ በፊትና በኋላ ያሉትን ረድፎች፣ ቀን የሌላቸውንም ለይቶ፣ ቆጥሮ በመዝገብ ፋይል ይጻፍ።