የረቡዕ ምሳ፣ የቅዳሜ ወጥ፣ የእሑድ ማሲንቆ፦ የሰፈር ካፌ ሳምንታዊ ዝግጅት እንዴት ይጀመራል?

የሰፈር ካፌ ጠዋት በማኪያቶ፣ አመሻሽ ላይ በሻይ ይተዳደራል። በመሀሉ ያለውን ሰዓት ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ይህን ለመሙላት የሚነሱ ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ስፒከር መግዛትና ኪቦርድ ተጫዋች መቅጠር ነው። ቤቱ ጥቂት ሳምንት ይደምቃል፤ ከዚያ የተጫዋቹ ክፍያ ከገቢው ይበልጥና ዝግጅቱ ይቆማል። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ሳምንታዊ ምሳ፣ ምሳው ሲጸና የወጥ ትምህርት፣ ሙዚቃው በመጨረሻ። ምሳው የጣመው ሰው አሠራሩን መማር ያምረዋል። ወጥ የተማረ ሰው ደግሞ ቤተሰቡንና ወዳጆቹን ይዞ ለሙዚቃው ይመጣል። ሙዚቃ ብቻ ብሎ የመጣ እንግዳ ግን በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ቤት ቢሄድ አይፈረድበትም።

ከዚህ በታች ያለው ሠላሳ ያህል ሰው ለሚያስተናግድ፣ አንድ ኩሽና ላለው የአዲስ አበባ ካፌ የሚሆን ነው።

ደረጃ 1፦ ቀን ይቁረጡ

ለምሳው ረቡዕን ይምረጡ። ረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የጾም ቀናት ስለሆኑ በየመሥሪያ ቤቱ “ጥሩ የጾም ምግብ የት አለ?” እየተባለ ይጠያየቃል። ዓርብ ግን የጁምዓ ሶላት ከምሳ ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ ሙስሊም ደንበኞችዎን ያሳጣዎታል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። የጾም በያይነቱ ግን ሁለቱም ያለ ሐሳብ ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት ምግብ ነው። ሰፈሩን አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኙም። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል የጾም ቡፌው ከከተማው ሰው አልፎ የውጭ አገር እንግዳ የሚስበውም የጾም ምግባችን ለሁሉም ስለሚሆን ነው።

ሰዓቱን ከ6 እስከ 10 ያድርጉት። ብዙ ካፌዎች 8 ሰዓት ላይ ድስቱን ያነሳሉ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ሰው ሲመጣ ያለቀ ምግብ ይጠብቀዋል። ይህ ደንበኛ ደግሞ በየሳምንቱ የሚመላለስ ታማኝ ደንበኛ ነው።

ከዚያ የዓመቱን ካሌንደር ዘርግተው ሦስት ወቅቶችን ያስምሩ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በእነዚህ ሳምንታት ቀኑን ሳይቀይሩ በትሪው ላይ እንቁላል ወይም አይብ ለሚፈልግ ለብቻ ያቅርቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ፈላጊው ይጨምራል፤ ማክሰኞና ሐሙስንም ማከል ይቻላል። በረመዳን ግን ሙስሊም ደንበኞችዎ ምሳ አይበሉምና ከምሳው ሌላ ለማፍጠሪያ ተምር፣ ሾርባና የምስር ሳምቡሳ ያሰናዱ። በ2018 ዓ.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። እንዲህ ዓይነቱን ዓመት አስቀድሞ ያየ ካፌ ምስሩንም ሽንኩርቱንም በጊዜ ይገዛል።

ደረጃ 2፦ አምስት ቋሚ፣ አንድ ተለዋዋጭ

የምግብ ዝርዝር አያብዙ። ምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮትና ሽሮ በየሳምንቱ ይቅረቡ። ስድስተኛው ይለዋወጥ፦ አንድ ሳምንት ሱፍ ፍትፍት፣ ቀጥሎ አዚፋ፣ ቀጥሎ ቡቲቻ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ስልጆ። ሰው “ዛሬ ምን ጨመራችሁ?” ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው ይህ ስድስተኛው ነው። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚብላላ ስለሆነ ቀናት አስቀድሞ ካልተጀመረ አይደርስም። አሁን በብዙ ቤት እየቀረ ነውና በካፌዎ ገበታ ላይ ቢያቆዩት ደስ ይለኛል።

ለ30 ሰው ደረቅ ምስርና ክክ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ተኩል፣ የሽሮ ዱቄት 1 ኪሎ፣ እንጀራ ከ45 እስከ 50 ይያዙ። ጎመን ሲበስል እጅግ ስለሚያንስ ጥሬው 6 ኪሎ ቢሆን አይበዛም።

ሥራው የሚጀመረው ከእሑድ ነው። እሑድ ማታ ጤፉ በእርሾ ይቦካል። ማክሰኞ ምስሩና ክኩ ይለቀማል፣ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ጎመኑ ይታጠባል። ረቡዕ ማለዳ በሊጡ ላይ የተንሳፈፈው ውኃ ተደፍቶ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ምጣድን ብቻ ማመን አይቻልም። በእንጨት የምትጋግር የሰፈር እንጀራ ሻጭ ካለች አስቀድመው ይስማሙ፤ ጥሩ እንጀራ ከሆነ ከውጭ መግዛት ነውር የለውም።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ፦ ቅቤ የነካ ማማሰያ ወደ ጾም ድስት አይግባ። የጾም ድስት፣ ጭልፋና መክተፊያ ለብቻ ይቀመጡ፤ ቀለም ወይም ክር ይታሰርባቸው። ሰው ጾሙን አምኖ ሰጥቶዎታል። ይህ እምነት አንድ ቀን ከጎደለ ወሬው ከካፌው በር አልፎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይደርሳል፤ መመለሻም የለውም።

ደረጃ 3፦ ዋጋ

የሠላሳውን ሰው ምሳ ሙሉ ወጪ ይደምሩ፦ እህል፣ ዘይት፣ ማገዶ ወይም ጋዝ፣ የወጥ ሠሪዋ ቀን፣ ማጓጓዣ። ድምሩን ለ30 ሳይሆን ለ25 ያካፍሉ፤ ዝናብ የዘነበ ቀን አምስት ሰው መቅረቱ አይቀርም። ትርፍዎን ከዚያ በላይ ይጨምሩ። እስከ ማክሰኞ ማታ በቴሌብር ለከፈለ ትንሽ ቅናሽ ያድርጉ፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ማክሰኞ ማወቅ ከቅናሹ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ደረጃ 4፦ የወጥ ትምህርት

ረቡዕ ለሁለት ወር ያህል ሳይዛነፍ ከሄደ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርቱን ይክፈቱ። ተማሪ ከስምንት አይብለጥ። ከዚያ ካለፈ ግማሹ ቆሞ ተመልካች ይሆናል፤ ወጥ ደግሞ እጅ ካልነካው አይለመድም። ማን ይመጣል? ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት፣ በቅርቡ ያገቡ ጥንዶች፣ ለጥምቀት ወይም ለክረምት ከውጭ የገባች የአገር ልጅ፣ አገሩን ሊያውቅ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ።

አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። በየሰፈሩ ለሠርግና ለማኅበር የምትጠራ፣ “እሷ ካልቀመሰችው” የምትባል ባለሙያ እናት አለች። እርሷን ይቅጠሩ፤ በተማሪ ልክ የሚታሰብ ሳይሆን ቋሚ የቀን ክፍያ ይስጧት። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች የሚለኩት በእጃቸውና በዓይናቸው ነው፤ ተማሪው ግን ቤቱ ገብቶ “በርበሬው ስንት ነበር?” ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ረዳት ሚዛን ይዞ አጠገቧ ይቁም። የበርበሬውን፣ የጨውንና የዘይቱን ዕቃ እርሷ ከመጨለፏ በፊትና በኋላ ይመዝን፤ ልዩነቱን ይጻፍ። የእጇን መንገድ ሳያቋርጡ መጠኑ ወረቀት ላይ ይወርዳል። እነዚህ ወረቀቶች ሲጠራቀሙ የካፌው ሀብት ይሆናሉ፤ ስሟም ከላያቸው ይጻፍ።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል አራት ቅዳሜ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለቁሌት ብቻ ይዋል። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ያለ ዘይት በደረቁ ድስት ይጣላል፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውኃ እየተሰጠው ይቁላላል፤ ዘይቱና በርበሬው ከዚያ ይከተላሉ። ቁሌት ያልገባው ሰው ምንም ወጥ አይሳካለትምና አይቸኩሉ። ሁለተኛው ምስርና አልጫ ክክ ነው፤ አንዱ በበርበሬ፣ አንዱ በእርድ ሲሠራ ጎን ለጎን ይታያል። ሦስተኛው ቅቤ ማንጠርና ጎመን በቅቤ። አራተኛው ዶሮ ወጥ።

ዶሮ ወጥን ለብቻው ልንገርዎት፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስመሰግነውም የሚያሳፍረውም እርሱ ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይፈልጋል፤ ቁሌቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሦስት ሰዓት ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ድስት ያዘጋጁ፦ አንዱ ጠዋት በማለዳ ተጥዶ በርበሬው የበሰለለት፣ አንዱ ሽንኩርቱ በመቁላላት ላይ ያለ፣ አንዱ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚጀምሩት። በመሀሉ ሥጋውን ይዘው ይቀመጡ። በባህላችን ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ይገነጠላል፤ ቆዳው ተገፎ በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ብልት ማውጣትን ሁሉም ተማሪ በገዛ እጁ ይሞክር፤ አብዛኛው ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። ንጥር ቅቤው፣ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል ከበሰለው ድስት ላይ ይታያሉ፤ ምሳም ከእርሱ ይበላል።

ዶሮውን በጾም ወቅት አያስተምሩ፤ አስተማሪዋም ቀምሳ ልታርመው አትችልም። በዐቢይ ጾም በቦታው ሽሮ አዘገጃጀትን ይተኩ።

ደረጃ 5፦ ሙዚቃው

አሁን ቤትዎ ሰው አለው። እሑድ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያድርጉት። በአገራችን የድምፅ መለኪያ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። ከዚያ በፊት መዝጋት ከጎረቤትም ከደንብ አስከባሪም ጋር ያስማማል። ከመጀመርዎ በፊት ፈቃድዎ ሙዚቃና ትምህርትን ይሸፍን እንደሆነ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የአጎራባች ቤቶችንም በር አንኳኩተው ይንገሩ።

ስፒከር አይግዙ። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ ቢበዛ ዋሽንትና ከበሮ ለሠላሳ ሰው ክፍል ያለ ማጉያ ይበቃሉ። አንድ ክር ብቻ ያላት ማሲንቆ በቅርብ ሆነው ሲሰሟት በስፒከር የማይገኝ ነገር አላት። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ እጅ ከአዝማሪ ቤትነት ተነስቶ በዓለም የታወቀ የባህል ማዕከል ሆኗል፤ መነሻው ግን እንግዳና አዝማሪ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ጠባብ ቤት ነበር።

የሙዚቃው ትልቁ ጠላት የቡና ማሽንዎና የጁስ መፍጫው ናቸው። ተጫዋቹ ትዝታ ሲጀምር የወተት እንፋሎት ከጮኸ ሁሉም ነገር ይበላሻል። በዚያ ምሽት ማሽኑን ያጥፉና ጀበና ይጣዱ። ጨዋታውን ለሦስት ይክፈሉት፤ በየዕረፍቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳ። አስተናጋጆች የሚንቀሳቀሱት በዕረፍቱ ብቻ ይሁን።

ከአዝማሪው ጋር አስቀድመው ሦስት ነገር ይነጋገሩ። አንደኛ ክፍያ፦ የቁርጥ ክፍያው ይታወቅ፣ እንግዳ የሚሸልመው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሁን። ሽልማት አለና ክፍያ ይቀነስ ማለት ትክክል አይደለም። ሁለተኛ ግጥም፦ እንግዳው “ተቀበል!” እያለ ስንኝ ማቀበሉ የጨዋታው ነፍስ ነው፤ ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ስንኝ ግን አዝማሪው እንዳይቀበል ከወዲሁ ይስማሙ፤ እንግዶችም ይነገራቸው። ሦስተኛ መብት፦ ባለቤታቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማዎች በአራቱ ቅኝት፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ሞልተዋል። የታወቀ ደራሲ ሥራ በሕዝብ ፊት የሚቀርብ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፈቃዱ የባለመብቱ ነው።

በዐቢይ ጾም ጭፈራው ይቁም። በዚያ ወቅት አሥር አውታር ያለው በገና የሚደረደርበት ጊዜ ነውና በገና ደርዳሪ ይጋብዙ። በገና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ በዚያ ምሽት ቢራ አይሸጥ፣ በመሀል ጭብጨባም አይኑር። ይህን የሚያከብር ካፌ በሰፈሩ አዛውንቶች ዘንድ ስም ያገኛል።

ደረጃ 6፦ ከሦስት ወር በኋላ

ሦስቱን ሥራዎች በሦስት የተለያዩ ደብተሮች ይመዝግቡ፦ የመጣ ሰው፣ የገባ ገንዘብ፣ የተረፈ ምግብ። በአንድ ደብተር ከተቀላቀሉ የትኛው እንደሚያከስር አይታይም። ከ12 ሳምንት በኋላ ሙዚቃው ከከሰረ በወር አንዴ ያድርጉት፤ ትምህርቱ ተማሪ ካጣ ለበዓል ሰሞን ብቻ ይክፈቱት። የረቡዕን ምሳ ግን ሦስት ሰው ብቻ በመጣበት ሳምንትም አይሰርዙ። አንድ ረቡዕ መጥቶ ዝግ በር ያገኘ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም።

ለወጥ ሠሪዋና ለአዝማሪው የሚገባው ገንዘብ ደግሞ ለነገ አይደር፤ ሥራው ባለቀበት ሰዓት በእጃቸው ይስጧቸው።