ከስንቱ ስንት?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ዕውቀትም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዳችን ስለ ቤታችንና ስለ ጎረቤታችን ጥቂት ጥቂት እናውቃለን። ያወቅነውን አንድ ላይ ስናደርገው ግን ማንም ብቻውን ያላየው ነገር ይታያል።

ማንበብና መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ ተምረናል። ታዲያ ይህን ትምህርት በምን ላይ እናውለው? ዛሬ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በኅብረት ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ እንማራለን። ይኸውም ከየቤቱ መረጃ መሰብሰብ፣ ማጠቃለልና መመርመር ነው። መረጃ የምንለው ጠይቀን፣ ለክተን ወይም ቆጥረን ያገኘነውን ነገር ነው።

የሕፃናትን ተቅማጥ እንውሰድ። ተቅማጥ ሕፃናትን ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቆሸሸ ውሃ፣ በቆሸሸ እጅና በተበከለ ምግብ ነው። በመንደራችን ግን የበለጠ የሚጎዳው የትኛው ውሃ ነው? አንዱ «ወንዙ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ምንጩ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ጥርስ ሲያበቅሉ የሚመጣ ነው» ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ስንከራከር ብንውል መልስ አናገኝም። እንቁጠር።

አንደኛ፣ ጥያቄውን አንድ እናድርግ

አንዱ ተማሪ ስላለፈው ሳምንት፣ ሌላው ስላለፈው ዓመት ቢጠይቅ መልሶቹ አይደመሩም። አንዱ በቁና፣ ሌላው በጣሳ የሰፈረውን እህል ቆጥሮ «ይህን ያህል ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንያዝ፦

«ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በቤቱ አለ? ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ወጥቶታል? የምትጠጡት ውሃ ከየት የተቀዳ ነው?»

በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድም ቆጣሪዎች ከቤት ቤት የዞሩት እንዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ነው። የእኛም ሥራ ያው ነው፤ በመንደር ልክ ይሁን እንጂ።

ሁለተኛ፣ እንሰብስብ

በክፍላችን 20 ተማሪዎች አለን እንበል። እያንዳንዱ ሕፃን ወዳለባቸው አራት ቤቶች ይሂድ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለምን እንደሚጠይቅ አስረድቶ፣ የልጁን እናት በአክብሮት ይጠይቅ። «አላውቅም» ያለችውን «አላውቅም» ብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሙላ። የታመመ ልጅ ያለበትን ቤት ብቻ ሳይሆን ልጁ ደህና የሆነበትንም ቤት ይጠይቅ። ይህን አደራ አንርሳ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

የታመመ ልጅ ካገኘን ግን ቆጠራው እስኪያልቅ አይጠበቅም። ጡት የሚጠባ ከሆነ እየጠባ፣ ፈሳሽ እየተሰጠው ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ።

ሦስተኛ፣ እናጠቃልል

20 ተማሪዎች አራት አራት ቤት ሲጠይቁ 80 ወረቀት ይመጣል። ነገር ግን ሁለት ተማሪዎች አንዱን ቤት ጠይቀውት ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን የአባወራውን ወይም የእማወራዋን ስም እናመሳክር። አምስት ቤቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈው ብናገኝ፣ የተጠየቁት ቤቶች 75 ናቸው ማለት ነው። ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ማመሳከሪያ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የማንም ስም አይጻፍ። ሰው ጓዳውን የነገረን አምኖን ነውና።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለን እንጽፋለን። ቁጥሮቹ ለመማሪያ ያህል የተዘጋጁ ናቸው።

ከምንጭ የሚጠጡ፦ 60 ቤቶች። ልጅ የታመመባቸው 12።
ከወንዝ የሚጠጡ፦ 15 ቤቶች። ልጅ የታመመባቸው 9።
ድምር፦ 75 ቤቶች። ልጅ የታመመባቸው 21።

አራተኛ፣ እንመርምር

አንዱ ተነሥቶ «ይኸው! በምንጩ 12፣ በወንዙ 9። ምንጩን እንተወው» ቢል ምን እንላለን? ቆጠራው ልክ ነው፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። ከምንጭ የሚጠጡት ብዙ ስለሆኑ ነው የታመሙባቸውም የበዙት። መጠየቅ ያለብን «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «ከስንቱ ስንት?» ብለን ነው።

ከምንጭ ከሚጠጡት ከ60 ቤቶች 12 ማለት፣ ከአምስቱ ቤት አንዱ ነው። ከወንዝ ከሚጠጡት ከ15 ቤቶች 9 ማለት፣ ከአምስቱ ቤት ሦስቱ ነው። እንግዲህ የበለጠ የሚያሳስበው ወንዙ ነው። ምንጩን ትተን ወደ ወንዙ ብንወርድ ኖሮ ልጆቻችንን ወደ ባሰው እንወስዳቸው ነበር።

ደህና የሆኑትንም ቤቶች ጠይቁ ያልነው ስለዚህ ነው። የታመሙባቸውን ብቻ ብንቆጥር «ከስንቱ» የሚለውን ከየት እናመጣው ነበር?

በዚህም አንቁም። ምናልባት ከወንዝ የሚጠጡት ቤቶች ሽንት ቤትም የላቸው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የውሃው ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌላ ጥያቄ ጨምረን እንደገና እንቁጠር።

እንዲህ ያለ ሥራ በእርግጥ ይጠቅማልን? አንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1854 በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ፈጀ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች ውሃ የት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ። አብዛኞቹ ብሮድ በሚባለው መንገድ ካለው አንድ ፓምፕ ይጠጡ ነበር።

ያልሞቱትንም ጠየቀ። በሰፈሩ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድሆች መጠለያ ነበረ። ከዚያ የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ውሃ ነበረው። በፓምፑ አጠገብ ባለ ቢራ ፋብሪካ ከሚሠሩትም በኮሌራ የሞተ አልነበረም፤ ይጠጡ የነበረው ቢራና የፋብሪካውን ውሃ ነው። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እርግጥ በሽታው ቀድሞውንም መቀነስ ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ምንጩ ታወቀ። ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለ የሰፈሩ ቄስም ከቤት ቤት እየዞረ ሌላ መረጃ ጨመረ። የታመመች ሕፃን የጨርቅ እጣቢ የተደፋበት ጉድጓድ ወደ ፓምፑ ውሃ ይሰርግ እንደነበር ተገኘ። ሐኪሙና ቄሱ የየብቻቸውን ዕውቀት ስላቀላቀሉ እውነቱ ወጣ።

እኛም ቆጥረን ያገኘነውን በሣጥን አንቆልፈው። ለቀበሌውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናሳያት። ወንዝ የሚጠጡት ውሃቸውን አፍልተው ይጠጡ። ምንጩን በኅብረት እንጠር፤ ከብት እንዳይገባበት እንጠረው። ከሦስት ወር በኋላም ያንኑ ጥያቄ ይዘን ወደዚያው ቤት እንመለስ። ድካማችን ፍሬ መስጠት አለመስጠቱን ያን ጊዜ ቁጥሩ ይነግረናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ለምንድን ነው?
2. ልጅ ያልታመመበትን ቤት መጠየቅ ምን ይጠቅማል?
3. ከ40 ቤቶች 10፣ ከ12 ቤቶች 6 ቢታመምባቸው የባሰው የትኛው ነው?
4. በመንደራችሁ በኅብረት ልትቆጥሩት የሚገባ ሌላ ነገር ምን አለ?